ቫዮሊን የሚመስለው ባስና የጨረታው የመጨረሻ ሰከንድ

እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው ፖል ማካርትኒ ሃምቡርግ ውስጥ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ መደብር ገብቶ ባስ ጊታር ገዛ። የከፈለው 30 ፓውንድ ገደማ ነበር። ለምን ያንን መረጠ? ነገሩ የኪስ ጉዳይ ነው። አሜሪካ ሠራሹ ፌንደር 100 ፓውንድ አካባቢ ያወጣል፤ እሱ ደግሞ ያን ያህል ገንዘብ አልነበረውም። በዚያ ላይ ግራኝ ነው። ቫዮሊን የሚመስለው የሆፍነር ባስ ቀኝና ግራው እኩል ስለሆነ ተገልብጦ ሲያዝ አያስቅም።

ዛሬ የዚያ ዘመን ሆፍነር 500/1 በኢንተርኔት ጨረታ ላይ ሲቀርብ ዋጋው በሺዎች ዶላር ይቆጠራል። እንጨቱ ያው እንጨት ነው። ታዲያ ሰው የሚከፍለው ለምኑ ነው?

መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ካርል ሆፍነር ሥራውን የጀመረው በ1887 በቦሄሚያዋ ሾንባህ ነው፤ ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ሉቢ ትባላለች። ከተማዋ የቫዮሊን ሠሪዎች ከተማ ነበረች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ከአካባቢው ሲባረሩ እነዚህ ባለሙያዎችም ቤትና መሣሪያቸውን ጥለው ወጡ። ብዙዎቹ በባቫሪያ፣ በኤርላንገን አቅራቢያ ባለችው ቡበንሮይት ሰፍረው እንደገና ከዜሮ ጀመሩ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ዋልተር ሆፍነር የኤሌክትሪክ ባስ ለመሥራት ሲነሳ እጁ የሄደው ወደሚያውቀው ቅርጽ ነው። በእርግጥ ጊብሰን በ1953 ቫዮሊን መሳይ ባስ አውጥቶ ነበር። የጊብሰኑ ግን ድፍን እንጨት ሆኖ የቫዮሊን ቀዳዳው በቀለም የተሳለ ነው። የሆፍነሩ ውስጡ እውነተኛ ባዶ ነው፤ ፊቱ ስፕሩስ፣ ጀርባው ሜፕል። የስደተኛ ቫዮሊን ሠሪ ሥራ መሆኑ ያስታውቃል።

ባዶነቱ ጸጋም ጣጣም ነው። ክብደቱ ቀላል፣ ድምፁ ክብና ለስላሳ ነው። ነገር ግን መድረኩ ትልቅ፣ ድምፅ ማጉያው ኃይለኛ ሲሆን ያፏጫል። የሮክ ባንዶች ድምፃቸውን እየጨመሩ ሲሄዱ ብዙ ባሲስቶች ድፍን እንጨት ወዳላቸው ዞሩ። ሆፍነሮቹም በየቤቱ አልጋ ሥርና ቁም ሣጥን ውስጥ ተረሱ።

ከዚያ 1995 መጣ። ፒየር ኦሚድያር በኋላ ኢቤይ የተባለውን የጨረታ ገጽ ከፈተ። መጀመሪያ ከተሸጡት ዕቃዎች አንዱ የተሰበረ የሌዘር መጠቆሚያ ነበር፤ 14.83 ዶላር አወጣ። ኦሚድያር ገዢውን መሰበሩን ያውቅ እንደሆነ ቢጠይቀው የተሰበሩ ሌዘሮች ሰብሳቢ ነኝ አለው ይባላል። ቀልድ ቢመስልም ዘመኑን ይገልጻል። አንድን ዕቃ ከልቡ የሚፈልግ ሰው የትም ቢሆን አለ፤ ቀድሞ የቸገረው እሱን ማግኘቱ ነበር። አልጋ ሥር የተረሳው ባስ ድንገት መላው ዓለም ተጫራች ሆነለት።

የጨረታው አሠራር ራሱ ልብ ይነካል። ተጫራቹ እስከ ስንት እንደሚከፍል ጣሪያውን ያስገባል፤ ስርዓቱ ከሁለተኛው ተጫራች ትንሽ ከፍ አድርጎ ይጠራለታል። ስለዚህ የመጨረሻውን ዋጋ የሚወስነው አሸናፊው ብቻ አይደለም፤ የተሸነፈውም ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ጨረታው ስለሚዘጋም ብልጦቹ የመጨረሻዎቹን ሰከንዶች ይጠብቃሉ። ሁለት ልባቸው የተነካ ሰዎች ከተገናኙ ዋጋው ከመሣሪያው ጋር ያለው ዝምድና ይቆረጣል።

ችግሩ ደግሞ ሁሉም ነገር በፎቶ መሆኑ ነው። ላም አለኝ በሰማይ! የአሮጌ ሆፍነር ዕድሜ የሚነበበው በአብዛኛው ከአካላቱ ነው። በ1961ዱ ፒክአፕ የሚባሉት ሁለቱ የድምፅ መቀበያዎች ወደ አንገቱ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ በ1963ቱ ተራርቀዋል። ይህንን የማያውቅ ገዢ ፋብሪካው በኋላ ለመታሰቢያ የሠራውን ቅጂ የዚያን ዘመን ነው ብሎ ሊገዛ ይችላል። በየአገሩ የተሠሩ አስመሳዮችም ሞልተዋል። እውነተኛው ቢሆን እንኳ አንገቱ በሙጫ የተያያዘ ስለሆነ የክሮቹ ጉተታ በስልሳ ዓመት ውስጥ ሊያነሳው ይችላል። የዳር ጌጡ ሴሉሎይድም ይፈራርሳል። አንገቱ ከገላው የሚጋጠምበትን ቦታ በቅርብ አንስቶ የማይልክ ሻጭ ያጠራጥራል። የጣት ሰሌዳው ከብራዚል ሮዝውድ ከሆነ ደግሞ ዛፉ ከ1992 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ጥብቅ ጥበቃ ስላለው ድንበር ሲሻገር ፈቃድ ይጠየቃል።

ሰብሳቢዎች ከሁሉም በላይ የሚፈልጉት ያልተነካ መሣሪያ ነው። እንደገና ቀለም የተቀባ፣ ክፍሉ የተለወጠ ከሆነ ዋጋው ይወርዳል። እዚህ ላይ የማካርትኒ ባስ ታሪክ ሕጉን ይገለብጠዋል።

ያ የ30 ፓውንድ ባስ በ1964 አካባቢ ታድሶ እንደገና ቀለም ተቀብቷል፤ የድምፅ መቀበያዎቹም በአንድ የእንጨት ማቀፊያ ውስጥ ተቀምጠዋል። በገበያ ቋንቋ ‹‹ተነካክቷል››። በጥቅምት 1972 ለንደን ኖቲንግ ሂል ከቆመ መኪና ውስጥ ተሰረቀ። ከዚያ በኋላ ሃምሳ ዓመት ያህል የት እንዳለ አልታወቀም። በእነዚያ ዓመታት በጨረታ ላይ የወጣ እያንዳንዱ አሮጌ ሆፍነር እሱ ሊሆን ይችል ነበር፤ ገዢውም ሳያውቅ የተሰረቀ ዕቃ ባለቤት ይሆን ነበር።

ግን በጨረታ አልተገኘም። በ2023 ፍለጋው ለሕዝብ ሲታወጅ ጥቆማ ጎረፈ፤ ባሱ እንግሊዝ፣ ሳሴክስ ውስጥ ከአንድ ቤት ጣሪያ ሥር ወጣ። ያ የ1964ቱ ልዩ የእንጨት ማቀፊያ፣ ለሌላ ባስ ዋጋ ቀናሽ የሚሆነው ንክኪ፣ እሱን ከመሰሎቹ የሚለይ ምልክት ነበር። ሆፍነር ትክክለኛነቱን አረጋገጠ፤ በየካቲት 2024 መመለሱ ተነገረ። ጥገና ያስፈልገው ነበር፤ ተጠገነ። በታኅሣሥ 2024 ማካርትኒ ለንደን ኦ2 አዳራሽ ውስጥ ያንኑ ባስ አንግቶ ተጫወተበት።