የካምፒንግ ዕቃና የተራራ ልብስ በምሥራቅ አፍሪካ፦ ከየት ይገኛል? እንዴትስ ይመረጣል?

ኪሊማንጃሮ ከምድር ወገብ 3 ዲግሪ ገደማ ወደ ደቡብ ርቆ የሚገኝ ተራራ ነው። ግርጌው ላይ በምትገኘው የሞሺ ከተማ ሰዎች በሸሚዝ ይንቀሳቀሳሉ። 5 ሺህ 895 ሜትር ከፍታ ባለው ጫፉ ላይ ግን የሌሊቱ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይደርሳል፤ ከዚያም በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ።

የአየር ሙቀት በእያንዳንዱ 1 ሺህ ሜትር ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ስለዚህ የኬንያ ተራራን፣ የኡጋንዳውን ርዌንዞሪ፣ የሰሜን ተራሮችን ወይም የባሌውን ሳነቴ አምባ ለማየት የሚነሳ ሰው በቆላም ሆነ በወይና ደጋ የለመደው ልብስ አይበቃውም።

በቀጣናው የካምፒንግ ዕቃ ብቻ የሚሸጡ መደብሮች ጥቂት ናቸው። አብዛኛው ዕቃ የሚገኘው ከልባሽ ጨርቅ ገበያ፣ ከአስጎብኚ ድርጅቶች ኪራይ ወይም ከውጭ አገር ከሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። በእነዚህ ገበያዎች ዋስትና የሚሰጥ ሻጭ እምብዛም ስለሌለ፣ ዕቃውን የመመርመሩ ኃላፊነት በገዢው ትከሻ ላይ ይወድቃል።

በቅድሚያ መዳረሻውን ይለዩ

ጥሩ ሻጭ ዋጋ ከመናገሩ በፊት “ወዴት ነው የሚሄዱት? በየትኛው ወር?” ብሎ ይጠይቃል። ለአንዱ ስፍራ የሚሆነው ዕቃ ለሌላው ላይሆን ይችላልና።

በሰሜን ተራሮችና በባሌ ሌሊቱ ይበልጥ የሚበርደው ሰማዩ በሚጠራባቸው የበጋ ወራት ነው። በዚህ ጊዜ ከዝናብ ልብስ ይልቅ የሚያሞቅ የመኝታ ከረጢት ያስፈልጋል። በርዌንዞሪ ዋናው ፈተና ጭቃና ረግረግ በመሆኑ፣ ብዙ ተጓዦች ውድ ከሆነው የተራራ ጫማ ይልቅ ገበሬዎች የሚጫሙትን የላስቲክ ቦት ይመርጣሉ። ይህን ቦት ለማግኘት ደግሞ የግንባታና የእርሻ ዕቃ መሸጫ ሱቅ በቂ ነው።

ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ በሚገኘው ዳሎል ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ የሚፈለገው ሰፊ ባርኔጣ፣ እጅጌው ረጅም የሆነ ስስ ልብስና በርከት ያለ የውኃ መያዣ ነው።

ናይሮቢ፦ ሰፊው ገበያ

በምሥራቅ አፍሪካ ለካምፒንግ ዕቃ ሰፊ ምርጫ የሚገኘው በናይሮቢ ነው። በከተማዋ የገበያ ማዕከላት ውስጥ ያሉ የስፖርትና የጉዞ ዕቃ መደብሮች አዲስ ድንኳን፣ የመኝታ ከረጢትና የዝናብ ጃኬት ይሸጣሉ። ዋጋቸው ከፍ ያለ ቢሆንም ደረሰኝ ይሰጣሉ፤ ልብሱንም ለክቶ ማየት ይቻላል።

ዋጋው የከበደው ሰው ወደ ጊኮምባ ወይም ወደ ቶይ ገበያ ያቀናል። በስዋሂሊ “ሚቱምባ” የሚባለው ልባሽ ጨርቅ እዚያ በየዓይነቱ ተለይቶ ይሸጣል። ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ በቦንዳ ከሚመጣው ልብስ መካከል ጥሩ የተራራ ጃኬት፣ የሱፍ ሹራብና ጫማ ማግኘት የተለመደ ነው።

ይህ ዕድል ግን በሁሉም አገራት እኩል አይደለም። ሩዋንዳ እአአ በ2016 በልባሽ ልብስ ላይ የምትጥለውን ቀረጥ በኪሎ ከ0.20 ወደ 2.50 የአሜሪካ ዶላር አሳድጋለች። በዚህም ሳቢያ አሜሪካ እአአ በ2018 ለሩዋንዳ አልባሳት ሰጥታው የነበረውን ከቀረጥ ነጻ ዕድል አግዳለች። ስለዚህ ከኪጋሊ ተነስተው ወደ እሳተ ገሞራዎቹ ተራሮች የሚሄዱ ሰዎች ዕቃቸውን አስቀድመው ቢያሟሉ ይመረጣል።

ሞሺ፦ መከራየት ለሚፈልጉ

ለአንድ ሳምንት ጉዞ ብቻ ውድ ዕቃ መግዛት ለብዙዎች አያዋጣም። ኪሊማንጃሮን መውጣት የሚቻለው ፈቃድ ባለው አስጎብኚ ድርጅት በኩል በመሆኑ፣ በሞሺና በአሩሻ ያሉ ድርጅቶች ዕቃም ያከራያሉ። ከእነሱ ውጪ ራሳቸውን የቻሉ አከራዮችም አሉ።

እዚህ ላይ ወሳኙ ነገር ጊዜ ነው። ዕቃው ጉዞው በሚጀመርበት ማለዳ በፓርኩ በር ላይ የሚቀርብልዎ ከሆነ የመቀየር ዕድል አይኖርዎትም። ከጉዞው አንድ ቀን አስቀድመው በከተማው እያሉ እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። የሚከራዩትን ዕቃ ዝርዝር በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ቀድሞ የነበረ ቀዳዳ ወይም የተበላሸ ዚፕ ካለም እዚያው እንዲመዘገብ ያድርጉ። አለበለዚያ ሲመልሱ ሊከፍሉበት ይችላሉ።

አዲስ አበባ፦ ከመርካቶ እስከ ዘመድ ሻንጣ

በአዲስ አበባ “ድንኳን ኪራይ” ብሎ የጠየቀ ሰው በቅድሚያ የሚጠቆመው የሠርግና የለቅሶ ድንኳን ነው። ለጉዞ የሚሆነውን ለማግኘት አዋጪው መንገድ አስጎብኚ ድርጅቶችን መጠየቅ ነው። ወደ ሰሜን ተራሮች የሚሄዱ ሰዎች በጎንደርና በደባርቅ ከሚሠሩ አስጎብኚዎች ድንኳን፣ ፍራሽና የማብሰያ ዕቃ መከራየት ይችላሉ። ከመነሳትዎ በፊት ግን የመንገዱንና የአካባቢውን የጸጥታ ሁኔታ ያጣሩ።

ያገለገለ ልብስ ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት የተከለከለ ነው። ያም ሆኖ በተለምዶ “ሰልባጅ” የሚባለው ልብስ በየገበያው ይታያል። ገዢው ሊያስተውለው የሚገባው ነገር፣ በኮንትሮባንድ ለገባ ዕቃ ደረሰኝም ሆነ ተመላሽ የሚቀበል ሻጭ እንደማይኖር ነው።

በሌላ በኩል የአገር ውስጥ ምርት ችላ ሊባል አይገባም። የሱፍ ሹራብ፣ ኮፍያና ካልሲ በቀላሉ ይገኛሉ፤ ሱፍ ደግሞ ሲረጥብም ሙቀት ይይዛል። ጋቢ በደረቅ ቅዝቃዜ በካምፕ ውስጥ ለመደረብ ምቹ ነው። የተሠራው ከጥጥ በመሆኑ ግን ከረጠበ ይከብዳል፣ ቶሎም አይደርቅም። በመሆኑም በዝናብ ለሚደረግ የእግር ጉዞ አይሆንም።

በውጭ የሚኖሩ ዘመዶች ሌላው አማራጭ ናቸው። በአሜሪካ እአአ በ1938 በሲያትል የተመሠረተው አርኢአይ የተባለው የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ከአዲስ ዕቃ በተጨማሪ አባላቱ የመለሷቸውን ያገለገሉ ዕቃዎች በቅናሽ ይሸጣል። ጃኬትና የመኝታ ከረጢት በዚህ መንገድ ማስመጣት ያዋጣል። ጫማ ግን ሳይለካ ባይገዛ ይመረጣል፤ ከባሕር ማዶ የመጣን ጫማ ጠበበኝ ብሎ ለመቀየር አይቻልምና።

ከመክፈልዎ በፊት ምን ይፈትሹ?

*የመኝታ ከረጢት፦* ደረጃውን የጠበቀ ከረጢት የሙቀት ቁጥሮች ተጽፈውበታል። “ምቹ” የሚለው ቁጥር ሰውየው ተዝናንቶ የሚተኛበትን፣ “ወሰን” የሚለው ተኮራምቶ የሚያድርበትን፣ “ጽንፍ” የሚለው ደግሞ ሕይወትን ለማትረፍ ያህል ብቻ የሚያገለግልበትን የአየር ሙቀት ያመለክታል። አንዳንድ ሻጮች የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ ይናገራሉ። እርስዎ “ምቹ” በሚለው ይመኑ። በወፍ ላባ የተሞላ ከረጢት ቀላልና ሞቃት ቢሆንም ከረጠበ ሙቀቱን ያጣል። እርጥበት ላለበት አካባቢ በሰው ሠራሽ ጭረት የተሞላው ይሻላል።

*ድንኳን፦* ሱቁ ውስጥ ወይም በረንዳው ላይ ተተክሎ ይዩት። ዘንጎቹን ይቁጠሩ፣ ዚፖቹን ደጋግመው ይክፈቱ፣ ይዝጉ። ከውስጥ በኩል የስፌቱ መስመር ውኃ በሚከላከል ፕላስተር መሸፈኑን ያረጋግጡ። ጨርቁ ሲነካ የሚጣበቅና የሚሸት ከሆነ የውኃ መከላከያ ሽፋኑ አርጅቷል ማለት ነው።

*ጫማ፦* ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የበርካታ የተራራ ጫማዎች ሶል መሃል የሚሠራው ከፖሊዩሪቴን ነው። ይህ ቁስ ከአየር እርጥበት ጋር እየተዋሃደ በዓመታት ውስጥ ይፈርሳል። ስለዚህ አንድም ቀን ያልተጫሙት፣ አዲስ የሚመስል ጫማ በጉዞው ሁለተኛ ቀን ሶሉ ሊገነጠል ይችላል። ከመግዛትዎ በፊት ጫማውን በደንብ አጥፈው ይመልከቱ፣ የሶሉን ጎን በጥፍርዎ ይጫኑ። ከተሰነጠቀ ወይም ከተፈረፈረ ይተዉት። የሚሆነውን ካገኙም በወፍራም ካልሲ ይለኩት፤ ቁልቁለት ላይ የእግር ጣት ጫፉን እንዳይመታ ትንሽ ክፍተት ያስፈልጋል።

*የዝናብ ጃኬት፦* ጥቂት ውኃ ያንጠባጥቡበት። ውኃው ላዩ ላይ ከተንከባለለ ጥሩ ምልክት ነው። ወዲያው ከተመጠጠ የላይኛው ሽፋን ታድሶ ካልሆነ በቀር በዝናብ ጊዜ ይከብዳል። የታዋቂ ኩባንያ ምልክት ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ተመሳስለው የተሠሩ ዕቃዎች ብዙ ናቸውና ስፌቱንና ዚፑን ይመርምሩ።

ድንበር ሲሻገሩ የሚያስቸግሩ ዕቃዎች

የካምፕ ምድጃ የጋዝ ቆርቆሮ በእጅ ሻንጣም ሆነ በሚጫን ሻንጣ ወደ አውሮፕላን አይገባም። ጋዙ ከመዳረሻው አገር መገዛት ስላለበት፣ ምድጃ ከመግዛትዎ በፊት ለእሱ የሚሆን ጋዝ እዚያ መኖሩን ይጠይቁ።

ልብስን ከዝናብ ለመጠበቅ በፌስታል መጠቅለል የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ሩዋንዳ እአአ በ2008፣ ኬንያ በ2017፣ ታንዛኒያ ደግሞ በ2019 ፌስታልን አግደዋል። በምትኩ በጨርቅ የተሠራ ውኃ የማያስገባ ከረጢት ይያዙ። የወታደር መለዮ የሚመስል ዥጉርጉር ልብስም በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ለሲቪል ሰው የተከለከለ ነው፤ በልባሽ ገበያ ቢያገኙት እንኳ አይግዙት። በቆላማ የዱር እንስሳት ፓርኮች ደግሞ ጥቁርና ሰማያዊ ልብስ የቆላ ዝንብን ስለሚስብ ይወገዳል።

ሸክሙን የሚሸከመውስ ምን ለብሷል?

በተራራ ጉዞ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የተሸካሚዎች ልብስ ነው። ጎብኚው ሙቅ ጃኬት ደርቦ ሲወጣ፣ ድንኳኑንና ምግቡን የተሸከመለት ሰው በስስ ሹራብና ባለቀ ጫማ ሊከተለው ይችላል። ብርዱ ግን ሁለቱንም እኩል ያገኛቸዋል።

በኪሊማንጃሮ አንድ ተሸካሚ ከ20 ኪሎ በላይ እንዳይሸከም ገደብ ተቀምጧል። እአአ በ2003 ሥራ የጀመረውና መቀመጫውን ሞሺ ያደረገው የኪሊማንጃሮ ተሸካሚዎች ድጋፍ ፕሮጀክት በበኩሉ በስጦታ ያገኛቸውን የተራራ ልብሶች ለተሸካሚዎች ያለ ክፍያ ያውሳል።

አስጎብኚ ሲመርጡ “ለእኔ ምን ታከራዩኛላችሁ?” ከሚለው ጥያቄ ጋር “ተሸካሚዎቹ ምን ይለብሳሉ? የትስ ያድራሉ?” ብለው ይጠይቁ። ለዚህ ግልጽ መልስ ያለው ድርጅት ለእርስዎም የሚያቀርበውን ዕቃ በጥንቃቄ የያዘ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ጉዞው ካበቃ በኋላ የማይፈልጉት ጃኬት ወይም ጓንት ካለ ደግሞ ወደ ቤት ይዘውት ከመመለስ ይልቅ፣ በማግስቱ ወደ ተራራው ለሚወጣ ሰው ቢተዉለት ይጠቅመዋል።