ሳህኑ ወዴት ዞሯል?

የአዲስ አበባ ተከራይ ቤት ሲለቅ አይሱዙ ላይ መጨረሻ የሚጫነው ዕቃ ዲሹ ነው። ፍራሽ ይታጠፋል፣ ረከቦት ይጠቀለላል፤ ሳህኑ ግን አይታጠፍም። ፈረንጅ ቤቱን በመኪና እየጎተተ ሲዞር የትኛውን አንቴና ልያዝ ብሎ ይጨነቃል አሉ። እኛ መኪናው ባይኖረንም ጭንቀቱ አለን።

ታሪኩ የሚጀምረው ከዚሁ ከአራዳ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ስቱዲዮው ፒያሳ፣ ማዘጋጃ ቤት ነበር። ያኔ ግን አራዶች ለመዝናናት ቤት አይቀመጡም። ስሙን ከደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ የወሰደው ሰፈር፣ ውቤ በረሃ፣ ማታ ማታ ይደምቅ ነበር። ያንን ሌሊት ያጠፋው የደርግ ሰዓት እላፊ ነው። ሰው በጊዜ ገባ፤ ቤት ውስጥ የሚጠብቀው ደግሞ አንድ ጣቢያ ብቻ ነበር።

ከ1983 በኋላ ዲሽ ከትልልቅ ሆቴሎች ጣሪያ ወደ ቀበሌ ቤት ቆርቆሮ ወረደ። የሳህኑ ስፋት ብዙ ያከራክራል፤ ዋናው ጥያቄ ግን የትኛውን ሳተላይት ነው የምታዩት የሚለው ነው። ዐረብሳት (26 ዲግሪ ምሥራቅ) ከአዲስ አበባ ሲታይ አናት ላይ ነው ማለት ይቻላል፤ ሳህኑ በጀርባው የተኛ ይመስላል። ናይልሳት (7 ዲግሪ ምዕራብ) ግን ወደ ምዕራብ ዝቅ ብሎ ይገኛል። በዚያ በኩል ፎቅ ከተሠራባችሁ አለቀላችሁ።

በ2000 ኢቢኤስ፣ በ2002 ኢሳት፣ በ2008 ካና መጡ። ዲሽ ከመዝናኛነት አልፎ ፖለቲካ ሆነ። በ2009ኙ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ኢሳትንና ኦኤምኤንን ማየት ተከለከለ። ሬዲዮ ትራስ ሥር ይደበቃል፤ ሳህን ግን ጣሪያ ላይ ነው፤ ጎረቤትም ካድሬም ያየዋል። አንድ የቤት ዕቃ ባለቤቱን እንዲህ ሲያስጠረጥር ማሰብ ነው!

በ2012 ኢትዮሳት ሲጀመር የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ወደ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ተሰባሰቡ። ወደ ምዕራብ ያይ የነበረው ሰፈር ሁሉ ፊቱን ወደ ደቡብ ምሥራቅ አዞረ። የዲሽ ሠራተኞች ያን ሰሞን ከጣሪያ አልወረዱም።

ስለዚህ ለሚዛወር ሰው ምክሬ አጭር ነው። አዲስ አበባ ላይ ለኢትዮሳት ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳህን ይበቃል፤ ትልቁን ንፋስም ይጥለዋል፣ ለጭነትም ያስቸግራል። የራሱ እግር ያለው ይሁን፤ የአከራይ ግድግዳ መብሳት ጠብ ያመጣል። ኤልኤንቢውን ፈታችሁ በጨርቅ ጠቅልሉት። ብሎኖቹን እንዳትረሱ፤ እኔ በሦስት ቤት ለውጥ ሦስቴ ገዝቻለሁ።

በ2016 ፒያሳና አካባቢው ሲፈርስ ብዙ ሰው ሳህኑን ይዞ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄደ። ሳተላይቱ ከ35 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ስላለ፣ ከአራዳ ተነሥታችሁ የከተማዋ ጫፍ ብትደርሱ የሳህኑ ማዕዘን ለዓይን አይለወጥም። ወደዚያው አቅጣጫ ትተክሉታላችሁ፤ ያው ሥዕል ይመጣል። አብራችሁ ታዩት የነበረውን ጎረቤት ግን የሚያመጣ ሳህን የለም።