«ስፖር» እና «ዘር»፦ የአንድ ባክቴሪያ ስያሜ ታሪክ

በኮልፌ ቀራንዮ የሚገኘው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም (የተቋቋመው በ1970 ነው፤ ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) የሚጠራው በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ባገኘው ኖርዌጃዊ ሐኪም ስም ነው። ባክቴሪያው አስቀድሞ «ባሲለስ ሌፕሬ» ተባለ፤ በ1896 ወደ «ማይኮባክቴሪየም» ወገን ተዛወረ። «ባሲለስ» በላቲን ትንሽ በትር ማለት ስለሆነ፣ በዚያ ዘመን ለበትር መሰል ባክቴሪያ ሁሉ ይሰጥ ነበር፤ ማለትም ቅርጽን እንጂ ዝምድናን አያመለክትም ነበር።

ከዚህ ይልቅ የተንከራተተ ስም ያለው ለአንጀት ጤና የሚወሰድ አንድ ባክቴሪያ ነው። ሐመር የተባለ አሜሪካዊ በ1915 በቆርቆሮ ታሽጎ ከረጋ ወተት አግኝቶ «ባሲለስ ኮአጉላንስ»፣ ማለት «አርጊው»፣ አለው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የሶቭየት ተመራማሪዎች ያንኑ ባክቴሪያ «ላክቶባሲለስ ስፖሮጄነስ» ብለው ሰየሙ። የወተት አሲድ ስለሚያመነጭ ስሙ የተስማማ ይመስል ነበር፤ ሆኖም ላክቶባሲለሶች ስፖር አይሠሩም። ስለዚህ በ1957 ወደ ባሲለስ ተመለሰ፤ በ2020 «ዋይዝማኒያ»፣ በ2023 ደግሞ «ሄይንድሪክስያ» ተባለ። የተሻረው ስም ግን በመድኃኒት ማሸጊያዎች ላይ መታየቱን አላቆመም። ተርጓሚው ይህን ስም በትርጉሙ ወደ አማርኛ ቢመልሰው የተሻረውን ስሕተት በቋንቋችን ያጸናዋል።

«ስፖር»ን «ዘር» ማለትም እንዲሁ ያሳስታል። የሻጋታ ስፖር መራቢያ ነው፤ የባክቴሪያ ስፖር ግን አይደለም። አንድ ሕዋስ አንድ ስፖር ይሠራል፤ ከአንዱ ስፖርም አንድ ሕዋስ ብቻ ይወጣል። ጥቅሙ መባዛት ሳይሆን ክፉ ቀንን ማለፍ ነው። የምንናገርለት ባክቴሪያ የጨጓራን አሲድ የሚያልፈው በዚህ ነው፤ የአባ ሰንጋው ባሲለስም በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት የሚቆየው በዚሁ ነው። ስፖር የውሃን መፍላት ሊቋቋም ስለሚችል የሕክምና መሣሪያ በግፊት ባለ እንፋሎት፣ በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይመከናል። በጤና መመሪያ ውስጥ «ዘር» የሚል ቃል ያነበበ ሠራተኛ ስለ መራባት ያስባል እንጂ ማፍላት እንደማይበቃ አይረዳም።

እንግዲህ የወገንና የዝርያ ስሞች በድምፃቸው ይጻፉ፤ የተሻሩትም ስሞች ወደ አዲሱ በ«ተመልከት» ይመሩ። «ስፖር» እንዳለ ይቀመጥ፤ በባክቴሪያ ረገድ ፍችው «ባክቴሪያ ክፉ ጊዜን የሚያሳልፍበት፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው ያንቀላፋ ሕዋስ» ይሁን።