መብላትና ማሸነፍ

እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ የታተመው «ማጂክ፡ ዘ ጋዘሪንግ» የተሰኘ የካርታ ጨዋታ፣ ስሟን ከትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 2 የወሰደች አንዲት ካርታ አለችው፤ «ሰይፍን ወደ ማረሻ» ብንላት ያስኬዳል። ይህች ካርታ የባላጋራን ተዋጊ፣ የቱንም ያህል ግዙፍ ቢሆን፣ በኢምንት ዋጋ ከጨዋታው ታስወጣለች። ነገር ግን ካሣ አለባት፦ በተወገደው ተዋጊ ጉልበት ልክ የሕይወት ነጥብ ለባላጋራው ይጨመርለታል። እያንዳንዱ ተጫዋች በ20 ነጥብ በሚጀምርበት ጨዋታ 6 ወይም 7 ነጥብ ለጠላት መመረቅ ቀላል አይመስልም። እኔ የምመዝናት ከእርሷ በኋላ በሜዳው ላይ የሚቀረውን አይቼ ነው። ተዋጊው ብቸኛ ከነበረ የተመረቀው ነጥብ ባላጋራውን አያድነውም፤ ከኋላው ሌሎች ተሰልፈው ከሆነ ግን ካርታዋ ባከነች።

ማስወገድን በዚህ ዐይን መመዘን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በጭሮም ሆነ በገለምሶ በቆርኪ ዳማ የሚጫወቱትን ከበው የቆሙ ሰዎች ምክራቸው አንድ ነው፤ «ብላው!» የቀደመው የመኳንንት ጨዋታ፣ ሰንጠረዥ፣ ከዚህ ይለያል። ዐፄ ልብነ ድንግል ቢቺኒ ከተባለ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱት እንደነበር ተጽፏል። የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ወዳጁ ነበሩ፤ እቴጌ ጣይቱም እንዲሁ። ሕጉን በዝርዝር ካቆዩልን አንዱ እ.ኤ.አ. በ1860 የተገደለው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ነው፤ ሪቻርድ ፓንክረስትም እ.ኤ.አ. በ1971 ታሪኩን ሰብስቦ ጽፎታል።

ጨዋታው የሚጀምረው በ«ወረራ» ነው። ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ፣ አንዱ የሌላውን እጅ እየሰለለ፣ ያሻቸውን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። ወረራው የሚያበቃው አንዱ የሌላውን በበላ ቅጽበት ነው፤ ከዚያ በኋላ ተራ በተራ ይሆናል። እንግዲህ የመጀመሪያውን የሚበላ ሰው አንድ መደቅ አተረፈ እንበል፤ በዚያው እጁ ግን የራሱንም አሰላለፍ ባለበት አስቁሟል። ሰልፉ ላልተሟላለት ሰው ይህ መብል መራራ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ፍጻሜው ነው። ባዶውን የቀረን ንጉሥ ማሸነፍ አይቻልም፤ ጨዋታው ያለ አሸናፊ ይፈርሳል። ከመደቆች ውጪ አንድ ረዳት ብቻ የቀረለት ንጉሥ ደግሞ፣ ያ ረዳት ሰባት ጊዜ ከመንቀሳቀሱ በፊት ካልተያዘ ድሉ ይቀራል። ስለዚህ አሸናፊ ለመሆን የሚሻ ሰው ለጠላቱ ሰው ማትረፍ ግዴታው ነው። አያያዙም ማዕረግ አለው፦ ንጉሡን በፈረስ ወይም በደር መያዝ እንደ ተራ ነገር ይቆጠራል፤ በመደቅ፣ በዚያ በታናሹ ወታደር መያዝ ግን የሚወደስ ነው። (የቤተ መንግሥት ሰዎች ይህን ሕግ ከሰሌዳው ውጭ ምን ያህል ጠበቁት? ያ ሌላ ጽሑፍ ይሻል።)

ባለፈው ክረምት ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር በዘመናዊ ቼዝ ጠጠሮች ይህን ሕግ ሞከርነው። ንጉሤና አንድ ፈረስ ቀርተውኛል፤ ፈረሴም አምስት ጊዜ ረግጧል። ባልደረባዬ በደሩ መጥቶ ፈረሱን በላው። ጨዋታው ፈርሷል ብለው ጠጠሮቹን ሰብስቦ ወደ ሳጥኑ እየመለሰ ሳቀብኝ። እስከ ዛሬ ድረስ «አሸንፌሃለሁ» ይላል።