ከስኩተር ወረፋ ወደ ሥራ ወረፋ

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ደመወዝተኛ የነበረ ሕንዳዊ ገንዘብ ስለቆጠበ ብቻ የፈለገውን ዕቃ ገዝቶ ወደ ቤቱ አይገባም ነበር። ባጃጅ ኩባንያ የሚያመርተውን «ቼታክ» ስኩተር የፈለገ ሰው ቀብድ ከፍሎ ይመዘገብና ዓመታት ይጠብቃል፤ ተራው በአሥር ዓመቱ የደረሰውም ነበር። ጥፋቱ የፋብሪካው አልነበረም። በዓመት ስንት ስኩተር እንደሚመረት የሚወስነው መንግሥት የሚሰጠው ፈቃድ ነበር፤ ከዚያ እጅግ አልፎ ማምረት በሕግ ያስጠይቃል። የቤት ስልክና የማብሰያ ጋዝ ሲሊንደር እንዲሁ በወረፋ ነበሩ፤ ስኳሩና ላምባው በራሽን ካርድ ይታደላል። መኪና መግዛት የሚችለው ጥቂት ሰውም ቢሆን እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ከ«አምባሳደር» እና ከ«ፓድሚኒ» ብዙም ያለፈ ምርጫ አልነበረውም። ያ ትውልድ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩን ሕንዳውያን መምህራን የወጡት ከዚሁ ቁጥብ ኑሮ ነው።

በ1991 የአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ተሟጥጦ ከጥቂት ሳምንታት ግዢ በላይ የማይሸፍን ሆነ። ሕንድ ወርቋን በአውሮፕላን ጭና ለእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ በመያዣነት እስከ መስጠት ደረሰች። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የጠቅላይ ሚኒስትር ናራሲምሃ ራኦ መንግሥት አብዛኛውን የኢንዱስትሪ ፈቃድ አነሳ፤ የገንዘብ ሚኒስትሩ ማንሞሃን ሲንግም በሩን ለውጭ ካፒታል የሚከፍተውን በጀት አቀረቡ። የስኩተሩ መዝገብ ተዘጋ። በ1995 የመጀመሪያው የሞባይል ጥሪ ተደረገ፤ ከ2016 ወዲህ ደግሞ በጋሪ አትክልት የሚሸጠው ሰው ሳይቀር ሒሳቡን በስልክ ይቀበላል።

የአባቶችና የልጆች ትውልድ ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ ከእጥረት ወደ ምቾት የተደረገ ጉዞ ተደርጎ ይተረካል። እኔ ግን ወረፋው የጠፋ አይመስለኝም፤ ቦታውን ነው የቀየረው። አባትየው ቋሚ ሥራ ይዞ ዕቃ ይጠብቅ ነበር፤ ልጁ ዕቃው በእጁ ሆኖ ቋሚ ሥራ ይጠብቃል። በ2018 የሕንድ ምድር ባቡር ወደ 90 ሺሕ ለሚጠጉ ክፍት ቦታዎች ማስታወቂያ ሲያወጣ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው አመልክቷል። የራጃስታኗ ኮታ ከተማ ኑሮዋ የተመሠረተው ለምህንድስናና ለሕክምና ኮሌጅ መግቢያ በሚዘጋጁ ልጆች ላይ ነው፤ በዴልሂ ሙከርጂ ናጋር ሠፈር ደግሞ ለመንግሥት ሥራ ፈተና የሚያጠኑ ወጣቶች ጠባብ ክፍል ተከራይተው ዓመት ላይ ዓመት ይደርባሉ። ለከፍተኛው የሲቪል ሰርቪስ ፈተና ልዩ ኮታ የሌለው አመልካች እስከ 32 ዓመቱ 6 ጊዜ መቀመጥ ይፈቀድለታል። አባቱ በዚያ ዕድሜ ትዳር መሥርቶ ልጆች ያሳድግ ነበር። ትዳር ዛሬም በአብዛኛው በቤተሰብ አማካይነት የሚፈጸም፣ ቤተሰብም ሥራ የያዘ ሙሽራ የሚፈልግ ስለሆነ፣ ፈተናው የዘገየበት ወጣት ጋብቻውም አብሮ ይዘገያል።

ቋሚ ሥራ በአባቶች ዘመንም የጥቂቶች ዕድል ነበር የሚል መቃወሚያ ይነሳል። እውነት ነው፤ አብዛኛው ሕዝብ ገበሬ ነበር፤ በ1991ዱ ቆጠራ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ከመቶ 52 ብቻ ነው። ግን የኔን ሐሳብ የሚያጠናክረውም ይኸው ነው። በ2011 ቁጥሩ ከመቶ 74 ደረሰ። ቤተሰቡ ልጅ ቀንሶ ያሉትን ለማስተማር ተጋ፤ ሴት ልጆችም ወደ ፈተናው አዳራሽ ገቡ። ወረፋውን ያስረዘመው እንግዲህ የትምህርት መስፋፋት እንጂ የወጣቱ ስንፍና አይደለም። የሶፍትዌር ማዕከሏን ባንጋሎርን የሚጠቅስም አለ። የሶፍትዌሩ ኢንዱስትሪ የብዙ ቤተሰብ ሕይወት ለውጧል፤ ሆኖም የቀጠረው 5 ሚሊዮን ገደማ ሰው ነው፣ ያውም በመቶ ሚሊዮኖች ከሚቆጠር የሰው ኃይል ውስጥ። «ታዲያ የተገኘውን የግል ሥራ ለምን አይዙም?» ለሚሉት፣ አብዛኛው የግል ሥራ የጽሑፍ ውልም፣ ጡረታም፣ የሕክምና ዋስትናም እንደሌለው ማስታወስ ይገባል። ወላጁ አንድ ልጅ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሲገባ ቤተሰቡ በሙሉ እንዴት በእግሩ እንደሚቆም አይቷል። መሬቱን ሸጦ በኮታ ከተማ ለልጁ የፈተና ዝግጅት የሚከፍል ገበሬ ስሌቱን አልሳተም፤ ያነሰው ክፍት ቦታው ነው።

የቋሚ ሥራ ጉጉቱ በግልጽ የታየው በ2022 ሰኔ ነው። በቢሃርና በኡታር ፕራዴሽ ግዛቶች መንደሮች ወታደርነት ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ እንጀራ ነበር፤ አባት ከ15 ዓመት በላይ አገልግሎ ዕድሜ ልኩን ጡረታ ይበላል። መንግሥት በዚያ ወር ያወጀው «አግኒፓት» የተባለ የምልመላ ሥርዓት ግን ወጣቱን ለ4 ዓመት ብቻ ይቀጥራል። ከ4ቱ ምልምል ከ1 በላይ በሠራዊቱ አይቀርም፤ የቀሩት የመሰናበቻ ገንዘብ ይዘው ያለ ጡረታ ይወጣሉ። ገና ጎሕ ሲቀድ በገጠር መንገድ እየሮጡ ለምልመላው ሰውነታቸውን ሲያዘጋጁ ከነበሩት ወጣቶች ብዙዎቹ አደባባይ ወጡ፤ በቢሃር ባቡሮች ተቃጠሉ። ቃጠሎው ጥፋት መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን የተቆጡት ወጣቶች የጠየቁት አባቶቻቸው ያገኙትን ያንኑ ጡረታ ነበር።