ስለ ሁለት ቁጥሮች ቁጠባ

የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች በሥራቸው የሚገኘውን ስሕተት «ባግ» ይሉታል፤ በግ አይደለም፥ ተባይ ማለት ነው። ስሙ ቀድሞም በመሐንዲሶች ዘንድ ይነገር ነበር። ነገር ግን በ1939 ዓ.ም. ጳጉሜን 4 ቀን፥ በአሜሪካ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ፥ ማርክ ሁለት በተባለው ትልቅ ኮምፒዩተር ውስጥ አንዲት የእሳት ራት ተገኘች፤ ሠራተኞቹም በመዝገባቸው ላይ ለጥፈው እውነተኛ ተባይ መያዛቸውን ጻፉ።

እኔ ግን፥ አንባቢ ሆይ፥ ለዚያች ፍጥረት እፈርድላታለሁ፤ ብዙው ስሕተት ከሰው እጅ የሚወጣ ነውና። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የመረጃ ማስቀመጫው ስፍራ ጠባብና ውድ ስለ ነበረ፥ ጸሐፊዎቹ የአውሮፓን 1965 «65» ብቻ እያሉ ሁለት ቁጥር ይቈጥቡ ነበር። የአውሮፓ 2000 ሲቃረብ ኮምፒዩተሩ «00»ን አይቶ 1900 ነው እንዳይል ተፈራ፤ የቀደመውን ለማረምም በዓለም ላይ ብዙ ቢልዮን ዶላር ወጣ። እኛ ያን ቀን ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 ዓ.ም. ላይ ነበርንና፥ «ገና ስምንት ዓመት ያህል አለን» ብለን ልንስቅ በቻልን ነበር፤ ዳሩ ግን ከውጭ የመጣ መሣሪያ የሚቈጥረው በሠሪው አገር ዘመን ነው።

ቁጠባው በጊዜው ጥበብ ነበረ፤ ጥፋቱ ለጊዜው የተደረገውን ሳያርሙ መተው ነው። ይህን እኛ የዛሪማ ሰዎች ከመንገዳችን እንማራለን፤ ደባርቅ ላይ ፍሬኑን ያልፈተሸ ሾፌር ሊማሊሞ ላይ ይፈትሸዋልና። የቸኰለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ፕሮግራም ጸሐፊ ቸኵሎ ያፈሰሰውን ግን የሚለቅመው የልጅ ልጁ ነው።