የዐሥራ አንዱ ከተሞች የበረዶ ጉዞ



በረዶ በአገራችን ከሰማይ ወርዶ፥ አዝመራውን መትቶ፥ ሳይውል ሳያድር ቀልጦ የሚጠፋ እንግዳ ነው። በሰሜን አውሮፓ ግን ብርዱ ሲበረታ ሐይቁና ቦዩ ራሱ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ ሰውም ከጫማው ሥር ስለታም ብረት አስሮ በላዩ ይንሸራተታል። በዛሬው ንግግራችን ይህ መንሸራተት ከጨዋታ አልፎ የአንድ ሕዝብ ታሪክ ለመሆን የበቃበትን ስፍራ፥ በተለምዶ ሆላንድ በምንላት በኔዘርላንድስ የሚገኘውን የፍሪስላንድን ክፍለ ሀገር እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፍሪስላንድ ዝቅተኛና ውሃ የበዛበት ምድር ነው። ቦዮቹ ከተማን ከከተማ ያያይዛሉ። በሙቀቱ ወራት ጀልባ ይመላለስባቸዋል፤ ውርጭ በወረደ ጊዜ ግን ጀልባው ይቆምና የሰው እግር ይተካዋል። በጥንት ዘመን የአውሮፓ ሰዎች የእንስሳ አጥንት ከእግራቸው ሥር እያሰሩ ይንሸራተቱ እንደ ነበር በቁፋሮ የተገኙ ቅርሶች ይመሰክራሉ፤ በመካከለኛው ዘመን አጥንቱ በብረት ተተካ። ሠዓሊው ሄንድሪክ አቨርካምፕ (1585–1634) ባላባቱንና ድኻውን፥ ሽማግሌውንና ሕፃኑን በአንድ በረዶ ላይ ቀላቅሎ ሥሎ አቆይቶልናል። በረዶ ማዕርግ አያውቅምና የወደቀውን ሁሉ እኩል ይጥላል።

በፍሪስላንድ ከጥንት ጀምሮ የከተማነት መብት የተሰጣቸው 11 ከተሞች አሉ። እነዚህን ሁሉ በአንድ ቀን በበረዶ ላይ መዞር ከ18ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የጎበዞች መመዘኛ ነበር። መንገዱ ከሌዋርደን ተነሥቶ ወደ ሌዋርደን የሚመለስ ሲሆን ርዝመቱ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፒም ሙሊር የተባለ የስፖርት ሰው በ1890 ይህን ጉዞ ፈጸመና ውድድር እንዲሆን አሳሰበ። የመጀመሪያው ውድድር ጥር 2 ቀን 1909 ተደረገ፤ ሚኔ ሁክስትራ አሸነፈ። በዚያው ወር ጉዞውን የሚመራ ማኅበር ተቋቋመ።

የማኅበሩ ደንብ ጥብቅ ነው። መንገዱ በ22 ክፍል ተከፍሎ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ኀላፊ ተሹሟል፤ እርሱም የበረዶውን ውፍረት ይለካል። በመንገዱ ሁሉ 15 ሴንቲ ሜትር ካልሞላ ጉዞ የለም። በረዶው በሳሳበት ስፍራ ተጓዡ ብረቱን ሳይፈታ በየብስ ላይ በተነጠፈ ምንጣፍ ይራመዳል። በየከተማው ካርዱ ላይ ማኅተም ያስመታል፤ እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ሌዋርደን የገባ ሰው መስቀል የሚመስል ትንሽ ኒሻን ይቀበላል።

በ1940 አምስት መሪዎች ዶኩም ከተማ ላይ አብረው ለመግባት ቃል ተጋቡ፤ አምስቱም አሸናፊ ተባሉ። በ1956 ሌሎች አምስት ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው በገቡ ጊዜ ግን ማኅበሩ ደንቡን ጠቅሶ ለማንም ድል ሳይሰጥ ቀረ። ጥር 18 ቀን 1963 ብርዱ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ደርሶ ነፋስና ውሽንፍር ተነሣ። ከተነሡት ወደ 10 ሺህ ከሚጠጉ ሰዎች ፍጻሜ የደረሱት እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። ሬይኒር ፓፒንግ ግን የመንገዱን እኩሌታ ያህል ብቻውን ተጉዞ በ10 ሰዓት ከ59 ደቂቃ አሸነፈ።

ከዚያ በኋላ ሕዝቡ 22 ዓመት ጠበቀ። በ1985 እና በ1986 በረዶው ተመለሰ፤ ሁለቱንም ኤቨርት ፋን ቤንተም አሸነፈ። በ1986 በሐሰት ስም ተመዝግቦ ከሕዝቡ ጋር የተጓዘ አንድ ወጣት ነበር፤ እርሱም በ2013 የነገሠው ዊለም አሌክሳንደር ነው። ዐሥራ አምስተኛው ጉዞ ጥር 4 ቀን 1997 ተደረገ። ከዚያ ወዲህ የዓለም አየር እየሞቀ በመሄዱ አንድም አልተደረገም። ናፋቂዎቹ ከ1989 ጀምሮ ወደ ኦስትሪያ፥ ወደ ዋይሰንዜ ሐይቅ እየሄዱ ተለዋጩን ጉዞ ያደርጋሉ። ማርተን ፋን ደር ዌይደን የተባለው የኦሊምፒክ ዋናተኛ ደግሞ በ2019 ያንኑ የከተሞች መንገድ በዋና ፈጸመው፤ ለካንሰር ምርምር ገንዘብ ሊያሰባስብ።

በየካቲት 2012 ውርጩ በርትቶ የአገሩ ሰው ሁሉ ዐይኑን ወደ ማኅበሩ አቀና። ጋዜጠኛው ይጠይቃል፤ በጎ ፈቃደኛው ከበረዶው ላይ አመዳይ ይጠርጋል፤ ተጓዡ ብረቱን ይስላል። ሹማምንቱ ተሰብስበው የየክፍሉን ልክ አነበቡ፤ በደቡብ በኩል በረዶው ሳስቶ ተገኘ። የካቲት 8 ቀን ጉዞው እንደማይደረግ ለሕዝቡ ተነገረ። ብዙ ሰው አዘነ።

ከ1997 ወዲህ እነዚያ የክፍል ኀላፊዎች ሥራቸውን አልተዉም፤ ቦዩ መርጋት በጀመረ ቁጥር መለኪያቸውን ይዘው ይወጣሉ። ሹመታቸው የሚታይበት ቀን ምናልባት በዕድሜያቸው አይመጣ ይሆናል። ይሁን እንጂ ሕዝቡ 15 ሴንቲ ሜትር ነው ሲሉት የሚያምናቸው፥ አልሞላም ብለው መመለስን ስለሚያውቁ ነው።